ፔጁ ሪፍሬሽ ሳያደርግ ከዳታቤዝ ዳታ ማምጣት ፈልጌ ነበር

አራት_ኪሎ_ኮደር፦

ሰላም ቤቶች እንዴት ናችሁ። አንድ ዘመዴ አራት ኪሎ አካባቢ የመጻሕፍትና የጽሕፈት መሳሪያ ሱቅ አለው፣ የሽያጭና የስቶክ ሲስተም እየሰራሁለት ነው፣ በፒኤችፒ (ሰርቨር ላይ የሚሮጥ ቋንቋ) እና በማይኤስኪውኤል (ዳታቤዙ)፣ ሁለቱንም ከአፓቼ ዌብ ሰርቨር ጋር አንድ ላይ በሚጭነው ዛምፕ ላይ። ሁለት ካሸሮች ላይ አሉ፣ ስቶር ኪፐሩ ደሞ ምድር ቤት ነው የሚቀመጠው፣ ሶስቱም በሱቁ ዋይፋይ አንዱ ኮምፒውተር ላይ ያለውን ሲስተም ነው የሚከፍቱት።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ካሸሯ ደረሰኝ እየሞላች እያለ ሌላ ሰው መጥቶ "ይሄ መጽሐፍ አለ?" ሲላት ከዝርዝሩ መርጣ ስንት ፍሬ እንደቀረ ለማየት በተኑን ትጫናለች፣ ፔጁ እንዳለ ሪፍሬሽ ያደርግና የሞላችው በሙሉ ጥርግ ይላል። የደንበኛው ስም፣ ቀድማ ያስገባቻቸው እቃዎች፣ ስክሮል አድርጋ የደረሰችበት ቦታ ሳይቀር። አሁን ደሞ ነሐሴ መጨረሻ ነው፣ ትምህርት ሊከፈት ነው፣ ወላጅ ሁሉ በደርዘን ደብተር እየጠየቀ ተሰልፎ ቆሞ ካሸሯ አንዱን ደረሰኝ ሁለት ጊዜ ስትሞላ ሰው ይነጫነጫል፣ እሷ ደሞ በኔ ትነጫነጫለች።

እኔ የምፈልገው ስሙን ስትመርጥ ቀሪው ብዛትና ዋጋው አጠገቡ ብቅ እንዲል ብቻ ነው፣ ሌላው ባለበት ይቆይ። ሁለተኛ ስቶር ኪፐሩ አዲስ እቃ ሲያስገባ ላይ ያሉት ካሸሮች ስክሪን ላይ ራሱ እንዲቀየር። መጽሐፉን ሁሉ ፔጁ ሲከፈት ጃቫስክሪፕት ውስጥ አስገብቼው አየሁት፣ ይሰራል፣ ግን ጠዋት የተከፈተ ፔጅ እስከ ማታ የጠዋቱን ቁጥር ነው የሚያሳየው። ጃቫስክሪፕት ራሱ ቀጥታ ዳታቤዙን ኩዌሪ ማድረግ አይችልም እንዴ?

ፒያሳ_ዴቭ፦

ኤጃክስ ብለህ ፈልግ፣ ፔጁ ሳይታደስ ከሰርቨር ዳታ ማምጣት ማለት ነው። ነፍ ቪዲዮ አለ።

ጋሽ_ሰርቨር፦

ኧረ ፒያሳ፣ ልጁ ሰልፍ ቆሞበታል እያለህ እኮ ነው ቪዲዮ እይ ትለዋለህ።

ወንድሜ መጀመሪያ የመጨረሻ ጥያቄህን ልመልስ። ብራውዘር ላይ ያለ ጃቫስክሪፕት ማይኤስኪውኤልን በቀጥታ አያናግርም፣ ቢችልም እንኳን አንተ አትፈልገውም፣ ምክንያቱም የዳታቤዙን ዩዘርኔምና ፓስወርድ ብራውዘሩ ድረስ መላክ አለብህ፣ ከዛ ማንም ኤፍ 12 ተጭኖ ያነበዋል። ስለዚህ መሀል ላይ ሁሌ ፒኤችፒው ይኖራል። ብራውዘሩ ፒኤችፒውን ይጠይቃል፣ ፒኤችፒው ዳታቤዙን ይጠይቃል፣ መልሱ በዛው መንገድ ይመለሳል። አሁንም እየሆነ ያለው ይሄው ነው እኮ፣ ልዩነቱ አሁን መልሱ ሙሉ ፔጅ ሆኖ መምጣቱ ነው። ካፌ ቁጭ ብለህ ሁለተኛ ማኪያቶ ስትፈልግ አስተናጋጁን ትጠራለህ እንጂ ተነስተህ ወጥተህ እንደ አዲስ አትገባም፣ አንተ ግን ካሸሯን በየማኪያቶው እያስወጣህ እያስገባሃት ነው።

የምታደርገው እንዲህ ነው፣ ስልክ ላይ ስለሆንኩ ኮዱን በወሬ ልንገርህ። አንድ አዲስ የፒኤችፒ ፋይል ፍጠር፣ ስሙን እንደፈለግክ በለው። ይሄ ፋይል ሜኑ የለው፣ ሎጎ የለው፣ ሄደርና ፉተር ኢንክሉድ አያደርግ፣ አንድም የኤችቲኤምኤል ታግ አይኑረው። ስራው የመጽሐፉን አይዲ መቀበል፣ በፒዲኦ (ፒኤችፒ ከዳታቤዝ የሚገናኝበት መንገድ) ፕሪፔርድ ስቴትመንት፣ ማለትም አይዲውን ከኩዌሪው ለይቶ በመላክ፣ አርዕስቱን ዋጋውንና ብዛቱን ሰሌክት ማድረግ፣ ውጤቱን በጄሰን ኢንኮድ ወደ ጄሰን (ጃቫስክሪፕት የሚያነበው የዳታ ፅሁፍ) ቀይሮ ማውጣት፣ አለቀ። ሄደሩ ላይ ኮንቴንት ታይፑ ጄሰን መሆኑን ንገረው፣ ደሞ ካሽ እንዳያደርግ ኖ ስቶር በለው፣ አለበለዚያ አንዳንዴ ብራውዘሩ የድሮውን መልስ ከኪሱ አውጥቶ ይሰጥሃል። አይዲውን በነጥብ እያያያዝክ ኩዌሪው ውስጥ እንዳትለጥፈው፣ የሱቅ ሲስተም ነው ማን ይሰብረዋል የሚባል ነገር የለም፣ ከዋይፋዩ ጋ የተገናኘ ሰው ሁሉ ይደርስበታል።

ይሄን ፋይል ለብቻው ብራውዘር ላይ አድራሻውን ፅፈህ ክፈተው፣ መጨረሻው ላይ አይዲ እኩል ይሆናል 5 ምናምን ብለህ። ነጭ ገፅ ላይ በቅንፍ የተከበበች አንዲት መስመር ካየህ ግማሹ ስራ አልቋል። ይሄ ሳይሰራ ወደ ጃቫስክሪፕቱ እንዳትሄድ፣ ሰው ሁሉ የሚያብደው ሁለቱንም ባንዴ ሲነካካ ነው።

ከዛ ፔጁ ላይ ምርጫው ሲቀየር፣ ማለትም ቼንጅ ኢቨንቱ ላይ፣ ፌች በሚለው ፋንክሽን ያንን አድራሻ ትጠራለህ፣ መልሱ ሲመጣ ኦኬ መሆኑን ቼክ ታደርጋለህ፣ ከዛ ጄሰኑን ትፈታለህ፣ ብዛቱን አንድ ባዶ ስፓን (ፅሁፍ መያዣ ታግ) ውስጥ ታስቀምጣለህ። አዌይት ሁለት ጊዜ ነው የምትጠቀመው፣ አንዴ መልሱን ለመጠበቅ አንዴ ጄሰኑን ለመፍታት። ኦኬ መሆኑን ቼክ አድርግ ያልኩህን እንዳትዘለው፣ ፌች 404 (አልተገኘም) ወይም 500 (ሰርቨሩ ተሳስቷል) ቢመጣ ስህተት ብሎ አይቆጥረውም፣ ኔትወርኩ ራሱ ካልተቋረጠ በስተቀር ካች (ስህተት የሚያዝበት ክፍል) ውስጥ አይገባልህም። ስፓኑ ውስጥ ስታስቀምጥ ደሞ በቴክስት ኮንቴንት እንጂ በኢነር ኤችቲኤምኤል አይሁን፣ አንድ ሰው የመጽሐፍ ስም ቦታ ላይ ተንኮል ኮድ ያለበት ታግ ቢያስገባ ኢነር ኤችቲኤምኤል ውስጥ ነፍስ ይዘራል።

አንድ ነገር ደሞ ጠረጠርኩ። በተኑ ፎርሙ ውስጥ ነው አይደል? ፎርም ውስጥ ያለ በተን ታይፕ ካልሰጠኸው ብራውዘሩ ሰብሚት ነው ብሎ ይወስደዋል። ታይፑን በተን አድርገው፣ ሰብሚት የሚያደርገውንም ፎርም በጃቫስክሪፕት የምትልከው ከሆነ መጀመሪያ ላይ ፕሪቨንት ዲፎልት ጥራ። አሁን የሚታደስብህ በሱ ምክንያት ነው ብዬ እገምታለሁ።

የሜክሲኮዋ፦

ጋሼ ጥሩ ብለሃል ግን ለምን አታሳጥርለትም። ጄኩዌሪ (የተዘጋጀ የጃቫስክሪፕት ኮድ) ካለው ሎድ የምትል አንድ መስመር አለች፣ ዲቩን መርጠህ ፋይሉን ትጠራለህ፣ መጣ። እኔ ብዙ ሲስተም በሷ ነው የሰራሁት እስካሁን ይሰራል፣ ደንበኛ ደሞ በምን ተሰራ ብሎ አይጠይቅም።

ፒያሳ_ዴቭ፦

ጄኩዌሪ ሚስጥር የለውም እኮ፣ ስር ላይ ያው ኤክስኤምኤልኤችቲቲፒ ሪኩዌስት የሚባለው የብራውዘሩ መጠየቂያ ነው። ማይክሮሶፍት ለአውትሉክ የዌብ ስሪት ብሎ በፈረንጆቹ 1999 ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ላይ ያስገባው ነገር ነው፣ ለአመታት ማንም ብዙም ልብ ሳይለው ቆይቶ ጂሜይል በ2004 ጎግል ማፕስ በ2005 ሲመጡ ነው ሰው ካርታ ጎትቶ ፔጁ ሳይታደስ ሲንቀሳቀስ አይቶ ይሄ ነገር እንዴት ነው ያለው። ኤጃክስ የሚለው ስም ራሱ የወጣው 2005 ላይ ነው። ጄኩዌሪ በ2006 ሲመጣ የጠቀመው ያኔ እያንዳንዱ ብራውዘር የየራሱ አመል ስለነበረው ነው። ፌች ግን ከ2015 ጀምሮ ክሮምና ፋየርፎክስ ውስጥ አለ፣ አሁን ካሸሯ ስክሪን ላይ አንድ ቁጥር ለማሳየት ላይብረሪ መጫን ምንድነው።

የሜክሲኮዋ፦

ታሪኩን ተውልኝና ልጁ ዛሬ ማታ እንዲሰራለት ነው የሚፈልገው። ለማንኛውም ጄኩዌሪ የምትጠቀም ከሆነ ከሲዲኤን (ኢንተርኔት ላይ ካለ ሰርቨር) እንዳትጠራው ወንድሜ፣ ይሄን በደንብ ስማኝ። ሲስተምህ ሱቁ ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ላይ ነው፣ ኢንተርኔት ቢጠፋም ዋይፋዩ በመካከላቸው ይሰራል፣ ሽያጩ መቀጠል አለበት። ግን ስክሪፕቱን ከውጭ የምትጠራ ከሆነ ኢንተርኔቱ በጠፋ ቀን ሰርቨሩ እዛው ጎናቸው ቁጭ ብሎ በተኑ አይሰራም። አንድ ደንበኛዬ ጋ ካዛንቺስ እንደዚህ ሆኖ የሌላ ሰው ስራ ላስተካክል ሄጄ ቀኑን ሙሉ ዳታቤዙ ነው የተበላሸው ሲሉኝ ነበር። ፋይሉን አውርደህ ፎልደርህ ውስጥ አስቀምጥ፣ ፎንቱንም ቡትስትራፑንም እንደዛው።

ጋሽ_ሰርቨር፦

ይሄስ እውነት ነው፣ ለጄኩዌሪ ብቻ አይደለም።

አራት_ኪሎ_ኮደር፦

በጣም አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። በተኑ ነገር በትክክል እንዳልከው ነው ጋሼ፣ ታይፑን ሳስተካክል መታደሱ ቆመ። ፋይሉንም ለብቻው ስከፍተው ጄሰኑ ይመጣል። ግን ሁለት ነገር ገጠመኝ። አንደኛ አርዕስቱ ላይ አማርኛው በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይመጣል፣ ቁጥሮቹ ልክ ናቸው። አንዳንዱ መጽሐፍ ላይ ደሞ ጨርሶ ምንም አይመጣም ባዶ ነው። ሁለተኛ ከፔጁ ውስጥ ስጠራው አንዳንዴ ይሰራል፣ ካሸሯ ምሳ በልታ ስትመለስ ግን ኮንሶሉ ላይ በቀይ አንኤክስፔክትድ ቶክን ብሎ የታግ መክፈቻ ምልክቷን ያሳየኛል፣ ጄሰን አይደለም ይላል። እኔ ግን ኮዱን አልነካሁትም። ፔጁን ሪፍሬሽ ሳደርገው ሎጊን ጠይቆኝ ስገባ ይስተካከላል።

ቡና_በኮድ፦

ሁለተኛውን ራስህ መልሰኸዋል ሎጊን ጠይቆኝ ስትል። ሴሽኑ (ሎጊን ማድረጓን የሚያስታውሰው) ምሳ ሰዓት ላይ ያልፍበታል፣ ፒኤችፒህ ሎጊን ያላደረገውን ሰው ወደ ሎጊን ፔጅ ሪዳይሬክት ያደርጋል፣ ፌች ደሞ ታዛዥ ነው ሪዳይሬክቱን ተከትሎ ሄዶ የሎጊን ፔጁን ሙሉ ኤችቲኤምኤል በ200 (ተሳክቷል በሚለው ኮድ) ይዞልህ ይመጣል፣ ስለዚህ ኦኬ የሚለው ቼክ ያልፋል፣ ከዛ ያንን ጄሰን ነው ብለህ ልትፈታው ስትሞክር የመጀመሪያው ፊደል የታግ መክፈቻ ስለሆነ ይጮሃል። መፍትሄው ለነዚህ ፋይሎች ሪዳይሬክት አታድርግ፣ 401 (ሎጊን አላደረግክም የሚል ኮድ) መልስ፣ ጃቫስክሪፕቱ 401 ሲያይ "እባክሽ እንደገና ግቢ" የሚል ትንሽ ሳጥን ያውጣ፣ ፓስወርዷን እዛው ትሙላ፣ የሞላችው ደረሰኝ ባለበት ይቆያል። ሎጊን ቼኩን ግን ከፋይሉ ውስጥ እንዳታወጣው፣ ሜኑ ላይ ስለማይታይ ማንም አይከፍተውም ብለው ክፍት የሚተውት ሰዎች አሉ።

ያው ስህተት በሌላም መንገድ ይመጣል። ፒኤችፒው ዋርኒንግ ወይም ኖቲስ ካወጣ ከጄሰኑ በፊት የራሱን ኤችቲኤምኤል ይለጥፋል፣ ዛምፕ ላይ ደሞ ስህተት ማሳየት ብዙ ጊዜ ክፍት ነው። ለዚህ ሁሉ መድሃኒቱ አንድ ነው፣ ኤፍ 12፣ ኔትወርክ የሚለው ታብ፣ ጥሪውን ክሊክ አድርገህ ሪስፖንስ የሚለውን ማየት። ኮንሶሉ የሚነግርህ መታመሙን ነው፣ በሽታው የሚታየው ሪስፖንሱ ላይ ነው። እዛ የሎጊን ፔጁን ኤችቲኤምኤል ቁልጭ ብሎ ታየዋለህ።

የጥያቄ ምልክቱ፣ አይ እሱ የኛ የሀበሻ ፕሮግራመሮች የጋራ እዳ ነው። ሶስት ቦታ ላይ መስማማት አለበት። ቴብሉና ኮለሙ ዩቲኤፍ 8 ኤምቢ 4 (አማርኛን የሚይዝ የፊደል ኮድ) ይሁን፣ ግንኙነቱ ማለትም ፒዲኦ ስትከፍት ካርሴቱ ያው ይሁን፣ ፔጁም ዩቲኤፍ 8 ይሁን። ሰው ሁሌ የሚረሳው መሀለኛውን ነው። ቴብሉን ቢያስተካክልም ግንኙነቱ ላቲን 1 ከሆነ ፊደላችን እዛ ውስጥ ቦታ ስለሌለው ወደ ጥያቄ ምልክት ይቀየራል። አሁን መጥፎው ዜና፣ ሲገባ ነው የተቀየረው ወይስ ሲወጣ? ፒኤችፒማይአድሚን (የዳታቤዙ ማያ ፔጅ) ከፍተህ እየው፣ እዛ አማርኛው በትክክል ከታየ ሲወጣ ነው፣ ግንኙነቱን ብቻ አስተካክል። እዛም የጥያቄ ምልክት ከሆነ ፊደሉ ሄዷል፣ እንደገና መፃፍ ነው፣ የሚመልሰው ነገር የለም።

ባዶ የሚመጣው ደሞ ጄሰን ኢንኮድ ትክክለኛ ዩቲኤፍ 8 ያልሆነ ነገር ሲያገኝ ሙሉ በሙሉ እምቢ ብሎ ፎልስ ስለሚመልስ ነው፣ ፎልስን ኤኮ ስታደርገው ባዶ ነው። እገሌ የተባለው መጽሐፍ ከየት ኢምፖርት ተደረገ ብለህ ጠይቅ፣ መቶ በመቶ ከአሮጌ ኤክሴል ነው የምትለኝ።

ሌላ እንዳትደነግጥ፣ ግንኙነቱን ስታስተካክል ፋይሉን ለብቻው ብትከፍተው አማርኛው ባክስላሽ ዩ 12 ምናምን እየተባለ በቁጥር ሊታይህ ይችላል። እሱ ችግር አይደለም፣ ጃቫስክሪፕቱ ሲፈታው ወደ ፊደል ይመለሳል። ለዓይንህ ካልጣመህ አንኤስኬፕድ ዩኒኮድ የሚለውን ምርጫ ስጠው።

አራት_ኪሎ_ኮደር፦

ቡና እግዜር ይስጥልኝ፣ ግንኙነቱ ነበር፣ ፒኤችፒማይአድሚን ላይ አማርኛው ደህና ነበር። ኤክሴሉን በተመለከተ ጠንቋይ ነህ እንዴ፣ ድሮ በሆነ የግዕዝ ፎንት የተፃፈ ነው፣ ፎንቱን ስቀይረው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ብቻ ይሆናል።

ቡና_በኮድ፦

ያ ዩኒኮድ አይደለም በለኛ፣ የእንግሊዝኛውን ቦታ ተውሶ በፎንት ብቻ አማርኛ የሚመስል ፅሁፍ ነው። ለዛ ኮንቨርተር አለ፣ ፎንቱን ስሙን ለይተህ ቀይረው፣ ጥቂት መቶ መጽሐፍ ከሆነ ግን አንዱን ልጅ ቁጭ አድርጎ ማስፃፉ ይፈጥናል።

ጋሽ_ሰርቨር፦

እሺ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ፣ ራሱ እንዲቀየር ወዳልከው። በጣም ቀላሉ በየተወሰነ ሰከንድ መጠየቅ ነው። ሶስት ኮምፒውተር በየ 10 ሰከንዱ ቢጠይቅ ለዛምፕህ ምንም አይደለም። ሴት ኢንተርቫል (በየጊዜው የሚደግም ፋንክሽን) ግን አልወደውም፣ የመጀመሪያው መልስ ሳይመጣ ሁለተኛውን ይልካል፣ ሰርቨሩ የተጨናነቀ ቀን ይደራረባል። መልሱ ከመጣ በኋላ ሴት ታይምአውት አድርገህ የሚቀጥለውን ቅጠር።

ሁሉንም መጽሐፍ በየጊዜው አታምጣ። ቴብሉ ላይ መጨረሻ የተቀየረበትን ሰዓት የሚይዝ ኮለም ጨምር፣ ራሱ የሚታደስ፣ ኢንዴክስም አድርግበት፣ ከዛ "ከዚህ ሰዓት ወዲህ የተቀየረውን ብቻ" ብለህ ጠይቅ። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ባዶ አሬይ ነው የሚሆነው፣ ሁለት ፊደል። ሰዓቱን ግን ከብራውዘሩ አትውሰድ፣ ሰርቨሩ ከመልሱ ጋር የራሱን ሰዓት ይላክ፣ በሚቀጥለው ያንኑ መልሰህ ላክለት። ባትሪው የሞተ አሮጌ ኮምፒውተር መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደኋላ ዘሎ የዛሬ ስንት አመት ሲል አይተህ አታውቅም?

ታቡ ተደብቆ ከሆነ አትጠይቅ፣ ዶክመንት ሂደን የሚለውን እየው። ባለቤቱ በስልኩ ከቤቱ የሚያየው ከሆነ በተለይ፣ ፓኬጁን ነው የምትበላበት።

ፒያሳ_ዴቭ፦

ወይ በየ 10 ሰከንዱ። ዌብሶኬት (ክፍት ሆኖ የሚቆይ ግንኙነት) አድርግና ስቶር ኪፐሩ ሲጫን ወዲያው ይድረሳቸው።

ጋሽ_ሰርቨር፦

ለሶስት ስክሪን? ዌብሶኬት ለብቻው የሚሮጥ ፕሮሰስ ይፈልጋል፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ እሱን ማን ያስነሳዋል፣ ካሸሯ? አፓቼ ግን ሰርቪስ ተደርጎ ከተጫነ ራሱ ይነሳል። ኢቨንትሶርስም (ሰርቨሩ በአንድ ክፍት ግንኙነት የሚልክበት) ጥሩ ነገር ነው፣ ግን እያንዳንዱ ክፍት ግንኙነት አፓቼ ላይ አንድ ሰራተኛ ይዞ ይቀመጣል፣ በኤችቲቲፒ 1.1 ደሞ ብራውዘሩ ለአንድ ሰርቨር 6 ግንኙነት ብቻ ነው የሚከፍተው፣ ካሸሯ ታብ እያበዛች ከከፈተች 7ኛው ላይ ሁሉም ቀጥ ይላል። የሚለቀቅ የአክሲዮን ገበያ ዋጋ አይደለም እኮ፣ የደብተር ብዛት ነው።

አንድ ነገር ረስቼ፣ ሴሽን ስታርት የምትል ከሆነ ፒኤችፒ የሴሽኑን ፋይል ቆልፎ ነው የሚይዘው። የአንድ ዩዘር ሁለት ጥሪ ባንዴ ከመጣ ሁለተኛው ወረፋ ይጠብቃል። ሎጊኑን ቼክ ካደረግክ በኋላ ሴሽን ራይት ክሎዝ በልና ልቀቀው።

የሜክሲኮዋ፦

ሁላችሁም ስለ ማሳየት ነው የምታወሩት፣ እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። በየ 10 ሰከንዱ ይሁን በዌብሶኬት ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ሁሌም ያለፈ ነው። አንድ መጽሐፍ ቀርቷል እንበል፣ ሁለቱም ካሸሮች ጋ 1 ይላል፣ ሁለቱም ሸጡ። አንደኛው ደንበኛ መጽሐፉን ይዞ ሄደ፣ ሁለተኛው ደረሰኝ ይዞ ምድር ቤት ወርዶ የለም ይባላል። ወንድሜ ሽያጩን ስትመዘግብ እንዴት ነው የምትቀንሰው? ብዛቱን ሰሌክት አድርገህ በፒኤችፒ ቀንሰህ መልሰህ ነው የምታስቀምጠው?

አራት_ኪሎ_ኮደር፦

እንደዛ ነው አዎ። ከስክሪኑ ላይ ቀሪውንም ዋጋውንም ከፎርሙ ጋር ልኬ ፒኤችፒው ላይ እቀንሳለሁ።

የሜክሲኮዋ፦

እሱን ተወው። ብራውዘሩ የሚልክልህ የመጽሐፉን አይዲና ስንት ፍሬ እንደተሸጠ ብቻ ይሁን። ዋጋውን ሰርቨሩ ራሱ ከቴብሉ ያንሳ፣ ኤፍ 12 የሚያውቅ ሰው 450 ብሩን 45 አድርጎ ሊልክልህ ይችላል። ቅነሳውን በአንድ አፕዴት ጨርሰው፣ ብዛት እኩል ይሆናል ብዛት ሲቀነስ የተሸጠው፣ ሁኔታው ላይ አይዲው ይሄ ሲሆንና ብዛቱ ከተሸጠው የማያንስ ሲሆን። ከዛ ስንት ረድፍ እንደተነካ ጠይቀው፣ 1 ካለህ ተሸጧል፣ 0 ካለህ ሌላዋ ቀድማሃለች። ዳታቤዙ ሁለት አፕዴት በአንድ ረድፍ ላይ ባንዴ አያስገባም፣ አንዱን አስጨርሶ ነው ሌላውን የሚያስገባው፣ ስለዚህ ሁለት ሰው የመጨረሻውን ፍሬ ሊሸጥ አይችልም። ደረሰኙ ላይ ብዙ እቃ ካለ ሁሉንም በአንድ ትራንዛክሽን (ሁሉም ይመዘገባል ወይ ምንም አይመዘገብም) እሰረው፣ አንዱ 0 ካለ ሮልባክ፣ ሁሉንም መልሰው። ቴብሉ ኢኖዲቢ የሚባለው የማስቀመጫ አይነት መሆኑን እይ፣ ማይአይሳም የሚባለው ከሆነ ሮልባክ የሚባል ነገር አያውቅም፣ ዝም ብሎ ያልፍሃል።

0 ሲመጣ ጃቫስክሪፕቱ የቱ እቃ እንዳለቀ በስሙ ይንገራት፣ አዲሱን ቁጥር እዛው ይቀይርላት። ስህተት ተፈጥሯል ብሎ ብቻ የሚል ሲስተም ሳይ ደሜ ይፈላል።

ጋሽ_ሰርቨር፦

እጅሽ ይባረክ። ይሄ ከሌለ የኛ ሁሉ ወሬ ጌጥ ነው።

አራት_ኪሎ_ኮደር፦

ገባኝ፣ እሱን ዛሬውኑ ነው የምቀይረው። ሌላ ጥያቄ አመጣችሁብኝ እንጂ፣ ዝርዝሩ ረጅም ስለሆነ ከመምረጥ ይልቅ ካሸሯ ስትፅፍ እየፈለገ የሚያመጣ ላድርገው ብዬ ነበር። ሰርቷል ግን "ጸሐፊ" ብላ ስትፅፍ "ፀሀፊ" ተብሎ የገባውን አያገኘውም። ደሞ በፍጥነት ስትፅፍ ውጤቱ ይዘባረቃል፣ የፃፈችው ሌላ የሚመጣው ሌላ።

ቡና_በኮድ፦

መዘባረቁ የመልሶቹ ቅደም ተከተል ነው። "ታ" ብላ ስትፅፍ የሄደው ጥሪ ብዙ ውጤት ስላለው ይዘገያል፣ "ታሪክ" የሚለው ቶሎ ይመለሳል፣ ከዛ የ"ታ" መልስ ዘግይቶ መጥቶ ላዩ ላይ ይፅፍበታል። አዲስ ስትልክ የድሮውን በአቦርት ኮንትሮለር ሰርዘው። ደሞ በየፊደሉ አትላክ፣ መፃፏን ካቆመች 300 ሚሊሰከንድ ያህል ቆይተህ ላክ። ለኛ ይሄ ከፈረንጁ የበለጠ ያስፈልገናል፣ በእንግሊዝኛ ኪቦርድ አማርኛ ስትፅፍ "ታ" ለመድረስ መጀመሪያ "ት" ነው የምትወጣው፣ ስለዚህ ካሸሯ ያላሰበችውን ሳድስ ሁሉ ሰርቨሩ ሲፈልግ ይውላል። ውጤቱንም በሊሚት ገድበው፣ 20 ይበቃታል።

የጸሐፊው ነገር፣ ለኮምፒውተሩ ጸ እና ፀ፣ ሀ እና ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ ምንም የማይገናኙ ፊደሎች ናቸው። አርዕስቱን እንደተፃፈው አስቀምጠውና ጎኑ ላይ ለፍለጋ ብቻ የሚሆን ሌላ ኮለም ጨምር። እዛ ውስጥ አርዕስቱን ወደ አንድ ዘር አምጥተህ ትፅፈዋለህ፣ ሐ እና ኀ ከነእርባታቸው ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ። ግዕዙና ራብዑም አንድ ድምፅ የሆኑት ላይ፣ ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣ፣ ወደ አንዱ ጠቅልላቸው። ካሸሯ የፃፈችውንም ኩዌሪው ከመግባቱ በፊት በዛው ፋንክሽን አሳልፈው። በሁለቱም በኩል አንድ ፋንክሽን መሆኑ ነው ዋናው። ፒኤችፒ ላይ ስትሪንግ ቲአር የሚለው ፊደል ተኪ ፋንክሽን ከነሰንጠረዡ ይበቃሃል። በካርታው መጨረሻ ላይ አገር እና ሀገርን ለብቻቸው ጨምራቸው፣ እነሱ በዚህ ህግ አይገናኙም፣ አርዕስት ላይ ደሞ ሁለቱም ሞልተዋል።

የሜክሲኮዋ፦

የኢንግሊዝኛ አርዕስቱን እዛው ኮለም ውስጥ በትንሿ ፊደል አድርገህ ጨምረው፣ ካሸሮች ኪቦርድ መቀየር ይሰለቻቸዋል።

አራት_ኪሎ_ኮደር፦

በቃ ፍለጋው ያዘ፣ ፀሀፊም ጸሐፊም አንድ ላይ መጡ። የመጨረሻ አንዲት ጥያቄ፣ ምድር ቤት ዋይፋዩ ደካማ ነው፣ ሲቆራረጥ ስቶር ኪፐሩ ጋ የድሮው ቁጥር ደርቆ ይቀራል፣ እሱ ደሞ አዲስ ነው ብሎ ያምነዋል። ምን ላድርግ?

ጋሽ_ሰርቨር፦

ካች ውስጥ ስትገባ ቁጥሮቹን ግራጫ አድርጋቸው፣ ከላይ "መጨረሻ የታደሰው 8፡40" የሚል ፃፍ፣ ሰዓቱ መጨረሻ የተሳካው መልስ ላይ ሰርቨሩ የላከው ይሁን። ስቶር የማስገባት በተኑንም ዝጋው እስኪመለስ። የጥበቃውን ጊዜ ደሞ በየውድቀቱ አርዝመው፣ 10 ከዛ 20 ከዛ 40፣ ሲሳካ ወደ 10 መልሰው። ለምድር ቤቱ ግን አንድ የኔትወርክ ገመድ ገዝተህ ብትዘረጋለት ከዚህ ሁሉ ኮድ ይረክሳል።